የቫልቭ ራዲዮ በየካ ከፍታ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከየካ ሚካኤል አንሥቶ እስከ ኮተቤ በሚዘልቀው ሰፈር፣ በቆዩ ቤቶች ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ የእንጨት ራዲዮ አሁንም አልፎ አልፎ ይገኛል። ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ ወይም ቴሌፉንከን የሚል ስም በግንባሩ የተጻፈበት ይህ ዕቃ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በአቃቂ የተመረቀው ጣቢያ የጀመረውንና ከነጻነት መመለስ በኋላ የታደሰውን የአገር ውስጥ ስርጭት፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የብሥራተ ወንጌል ራዲዮን፣ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማርኛ የሚናገረውን የጀርመን ድምፅ ለቤተ ሰቡ ሲያሰማ የኖረ ልሳን ነው። ዛሬ ዲዳ ሆኖ ቢገኝ፣ ከዕድሜው ይልቅ የጎዳው ያልታገሠ እጅ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

የዚህ ራዲዮ ማጉያ ምሥጢር ቫልቭ በሚባለው፣ አየሩ ተመጥጦ በታሸገ ብርጭቆ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 የመጀመሪያውን ቫልቭ ካበጀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት ሦስተኛ አካል፣ ይኸውም ወንፊት መሰል ሽቦ፣ በመካከሉ ጨመረበትና ደካማውን ድምፅ ማጉላት ተቻለ። በ6.3 ቮልት የሚግለው ክር ካቶዱን ሲያሞቀው ረቂቃኑ ኤሌክትሮኖች ይፈልቃሉ፤ 250 ቮልት ያህል የተሸከመው አኖድም ወደ ራሱ ይስባቸዋል፤ ወንፊቱ ግን በቤተ መንግሥት ደጃፍ እንደ ቆመ እልፍኝ አስከልካይ በመካከላቸው ሆኖ፣ በእርሱ ላይ በሚደርሰው ኢምንት ለውጥ መጠን አንድ ጊዜ ብዙውን ያሳልፋል፣ አንድ ጊዜ ያግዳል፤ ኢምንቱም ግዙፍ ሆኖ ከስፒከሩ ይወጣል።

በአውሮፓ ራዲዮኖች ይህን የመጨረሻ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጽመው ኢ ኤል 84 የተባለው ቫልቭ ሲሆን፣ ብቻውን ሲሠራ 5 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ ለአንድ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው። ጠላቱ ከፊቱ የተቀመጠው፣ በሰም ከተነከረ ወረቀት የተጠቀለለው ትንሽ ኮንደንሰር ነው። የዚህ ኮንደንሰር ሥራ ድምፁን አሳልፎ ከኋላ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልት ማገድ ነበር፤ ሲያረጅ ግን ማፍሰስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ወንፊቱ ሥልጣኑን ያጣል፤ ቫልቩ ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ አኖዱ ይቀላል፤ በመጨረሻም ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘውን ትራንስፎርመር ይዞ ይቃጠላል። ስለዚህ መልኩ ያማረ ቢሆን እንኳ ይህ ኮንደንሰር ከሁሉ አስቀድሞ መለወጥ አለበት። ከተለወጠም በኋላ ቴስተሩን በካቶዱ ላይ ማድረግ ይገባል፤ 250 ቮልት በአኖዱ፣ 135 ኦም ሬዚስታንስ በካቶዱ ባለበት አሠራር ከ7 ቮልት ጥቂት ከፍ ያለ ቢነበብ ጤና ነው፤ 10 ወይም 12 ቢነበብ ግን ስፒናውን ወዲያው መንቀል ነው።

ለዓመታት የተኛ ራዲዮ በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካም። በመስመሩ ላይ ባለ 60 ዋት የክር አምፖል በተከታታይ ይገባል፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደግ ነው፤ እንደ በራ ከቀረ ግን ውስጡ የተገናኘ ነገር አለ ማለት ነው። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ለሞት የሚያበቃ ቮልት አምቀው ይቆያሉ፤ የቫልቮቹ ስም በ«ዩ» ፊደል በሚጀምርባቸው ራዲዮኖች ደግሞ ሻሲው ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፤ ይህን ያልተማረ ሰው ክዳኑን አይክፈት።

የእኛ አገር ከፍታ ፋብሪካው ያላሰበውን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በየካ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ 3200 ሜትር ገደማ በሚደርሰው በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታም በቀላሉ ይዘላል። ስለዚህ ራዲዮው በሚሠራበት ጊዜ ዳንቴሉ ይነሣለት፣ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ በቫልቮቹ ሶኬት ዙሪያ የተከማቸው አቧራም በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ የቫልቩን ብርጭቆ የሚወለውል ሰው ግን የታተመበትን ስም አብሮ ስለሚያጠፋው ከፊደሉ እጁን ያርቅ። የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ወረቀቱንም የእንጨቱንም ሙጫ ስለሚያላላ፣ በክረምት በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ማብራቱ ውስጡን ያደርቀዋል። በባሕር ዛፎቹ መካከል የተዘረጋ አንቴና ካለ፣ ከእንጦጦ ነጎድጓድ ሲሰማ ከራዲዮው መነቀል አለበት።

ማስተካከል የሚባለው ጥበብ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በቆርቆሮ ሽፋኖቹ ውስጥ ያሉት ጥቅልሎች ፋብሪካው በወሰነው፣ ለምሳሌ በ460 ኪሎኸርዝ፣ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ፊት ይቃኛሉ፤ ከዚያ የሠሌዳው ዝቅተኛ ጫፍ በጥቅልሉ፣ ከፍተኛው ጫፍ በትንሹ ተለዋዋጭ ኮንደንሰር፣ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ ይመላለሳሉ። ሞገድ አመንጪ መሣሪያ የሌለው ሰው፣ የቅኝቱን ልክ የሚያሳየው አረንጓዴ ዓይን ጠበበልኝ ብሎ የጥቅልሎቹን እምብርት በብረት ካቻቢቴ ማዞር አይገባውም፤ ብረቱ ቅኝቱን ያዛባል፣ ደረቁንም እምብርት ይሰነጥቀዋል፤ ከሸምበቆ የተጠረበ ቀጭን እንጨት ይሻላል። የሚያስቀው ነገር፣ ብዙ ጊዜ ጉድለት የሚመስለው ጩኸት ከራዲዮው አለመምጣቱ ነው፤ የስልክ ቻርጀርና ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፖል መካከለኛውን ሞገድ ይረብሹታል፤ እነርሱን ነቅሎ መስማት ከማናቸውም ጥገና ይቀድማል።

ኤፍ ኤም ያላቸው የዚያ ዘመን የጀርመን ራዲዮኖች ሠሌዳ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እና ፋና 98.1 ይሰሙበታል፤ ሸገር 102.1 ግን ከሠሌዳው ውጭ ይቀራል። ለእርሱ ሲባል ጥቅልሉን የሚጎትቱ፣ አልፎም ውስጡን አውጥተው የዩ ኤስ ቢ ማጫወቻ የሚከቱበት አሉ፤ ይህን እኔ ጥፋት እለዋለሁ። ሸገርን የሚወድ ሰው ሌላ ትንሽ ራዲዮ ይግዛ፤ የአባቱን ራዲዮ ቅኝት ግን አይንካ።