ግማሹን የሚገታው መጠን

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ሲኤምኤል የተባለ የደም ካንሰር ያለባቸው ሕሙማን ኢማቲኒብ የሚባለውን መድኃኒት በኖቫርቲስ ኩባንያና በማክስ ፋውንዴሽን የእርዳታ ፕሮግራም በነጻ ሲያገኙ ቆይተዋል። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሕሙማን ዘንድ ከመድረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ የታለመለትን ፕሮቲን ካይኔዝ ለመግታት ስንት ያስፈልጋል?

ካይኔዝ ኢንዛይም ነው። ኤቲፒ ከተባለው የሴል የኃይል ምንጭ አንድ ፎስፌት ነቅሎ ሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል፤ የተለጠፈበት ፕሮቲንም ሥራ ይጀምራል ወይም ያቆማል። ይህ የመለጠፍና የመንቀል ሥርዓት የታወቀው በ1950ዎቹ በሲያትል በኤድመንድ ፊሸርና በኤድዊን ክሬብስ ሥራ ሲሆን፣ ሁለቱ በ1992 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በ2002 የወጣ ቆጠራ የሰውን ካይኔዞች 518 አድርሷቸዋል። ሲኤምኤል የሚነሣው ከእነዚህ አንዱ ልጓም ሲያጣ ነው፦ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጡና ቢሲአር እና ኤቢኤል የተባሉት ጂኖች ይገጣጠማሉ፤ ከዚያ የሚወለደው ካይኔዝ ያለማቋረጥ ይሠራል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ተመራማሪው 384 ጥቃቅን ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ፕሌት ያዘጋጃል። በየጉድጓዱ የተጣራ ካይኔዝ፣ ፎስፌቱን የሚቀበል አጭር የፕሮቲን ቁራጭና ማግኒዥየም ይገባሉ፤ ሁሉም ተደምሮ ጥቂት ማይክሮሊትር ነው። ዕጩው መድኃኒት በየተራ እየቀጠነ፣ ለምሳሌ በየደረጃው ሦስት እጥፍ እየተበረዘ፣ አሥር ያህል መጠኖች ላይ ይሰደራል። መድኃኒት የሌለባቸው ጉድጓዶች ሙሉውን ሥራ፣ ኢንዛይም የሌለባቸው ደግሞ ባዶውን ያሳያሉ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ በመካከል ያለው ቁጥር ሁሉ መሠረት የለውም። ከዚያ ኤቲፒ ይጨመርና ሰዓት መቁጠር ይጀመራል።

ካይኔዙ ምን ያህል እንደሠራ በዓይን አይታይም። ቀድሞ በሬዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ የተሠራ ኤቲፒ እየተጠቀሙ የተለጠፈውን ይቆጥሩ ነበር፤ ዛሬም የሚታመንበት ዘዴ ነው። በስፋት የሚሠራበት ሌላው መንገድ ግን በሌሊት ከምታበራው ጥንዚዛ የተገኘውን ሉሲፈሬዝ የተባለ ኢንዛይም ይጠቀማል። ኤቲፒ ፎስፌቱን ሲሰጥ ኤዲፒ ይቀራል። የተረፈው ኤቲፒ ይወገድና ኤዲፒው ወደ ኤቲፒ ይመለሳል፤ ሉሲፈሬዝም በእርሱ ብርሃን ያወጣል። ብርሃኑ በበዛ ቁጥር ካይኔዙ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ሲገታው ይደበዝዛል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ራሱን ሉሲፈሬዝን የሚገታ ኬሚካልም ብርሃኑን ስለሚያደበዝዝ፣ ካይኔዝ በሌለበት ለብቻው መፈተሽ አለበት።

ብርሃኑ ከመድኃኒቱ መጠን ጋር በግራፍ ሲቀመጥ ቁልቁል የሚወርድ ኤስ መሰል መስመር ይወጣል። ሥራውን በግማሽ የሚቀንሰው መጠን አይሲ 50 ይባላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መድኃኒቱ ይበረታል፤ ጥሩ ዕጩዎች በናኖሞላር ይለካሉ።

እኔ ግን ይህን ቁጥር ብቻውን የሚያቀርብ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የኤቲፒውን መጠን ነው። አብዛኞቹ የካይኔዝ መድኃኒቶች የሚቀመጡት ኤቲፒ በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ላይ ነውና ቦታውን ይሻማሉ። ባዶ ታክሲ ውስጥ ወንበር መያዝና በሥራ መውጫ ሰዓት ወንበር መያዝ አንድ አይደለም። ቼንግና ፕሩሶፍ በ1973 ይህን በቀመር አስቀምጠውታል። ለምሳሌ ራሱ የመድኃኒቱ የመያዝ ጥንካሬ 10 ናኖሞላር፣ ካይኔዙ በግማሽ ፍጥነት የሚሠራበት የኤቲፒ መጠን ደግሞ 20 ማይክሮሞላር ነው እንበል። በፕሌቱ ላይ 20 ማይክሮሞላር ኤቲፒ ካለ አይሲ 50ው 20 ናኖሞላር ይሆናል። በሴል ውስጥ ግን ኤቲፒ በሚሊሞላር ነው የሚለካው፤ 2 ሚሊሞላር ቢሆን ያው መድኃኒት 1,010 ናኖሞላር ይፈልጋል። ሞለኪውሉ አልተለወጠም፤ ቁጥሩ ከ50 እጥፍ በላይ ሸሸ። ስለዚህ በተለያየ የኤቲፒ መጠን የተለኩ ሁለት መድኃኒቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር በሕሙማን ተስፋ ላይ መቀለድ ይመስለኛል።

ጊዜም የራሱ ድርሻ አለው። እንደ ኢብሩቲኒብ ያሉት ካይኔዙ ላይ በኬሚካላዊ ቁርኝት ስለሚታሰሩ፣ አብረው በቆዩ ቁጥር አይሲ 50ው እያነሰ ይሄዳል።

ብርታት ከመራጭነት ጋር ካልተጣመረም አይበቃም። ከአፈር ባክቴሪያ በ1977 የተገኘው ስታውሮስፖሪን እጅግ ኃይለኛ ገቺ ነው፤ ነገር ግን ያገኘውን ካይኔዝ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ይገታል፤ በዚህም የተነሣ ራሱ መድኃኒት አልሆነም። ስለዚህ ዕጩው በመቶ በሚቆጠሩ ካይኔዞች ላይ በተከታታይ ይፈተሻል። ኢማቲኒብ ጥቂቶችን ብቻ ይነካል። ብራያን ድረከርና ባልደረቦቹ በ1996 እንዳሳተሙት፣ ከሕሙማን ደምና መቅኔ የተወሰዱ ሴሎች ላይ ሲሞከር በሽታውን የተሸከሙትን የሴል ስብስቦች ከ92 እስከ 98 በመቶ ሲቀንስ ጤነኞቹን አልነካም። በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። ኪት የተባለውን ካይኔዝ መግታቱ ደግሞ እንደ ጉድለት አልተቆጠረም፤ በ2002 ጂስት ለተባለው የሆድ ዕቃ ዕጢ ሕክምና አስገኝቷል።

መድኃኒቱ ከወጣ በኋላም ልኬቱ አልቆመም። የአንዳንድ ሕሙማን ካይኔዝ በ315ኛው ቦታ አንዲት አሚኖ አሲድ ይለውጥና ኢማቲኒብ መቀመጫ ያጣል። ተለውጦ የተገኘውን ካይኔዝ በዚያው ፕሌት ላይ እየፈተሹ ፖናቲኒብን አገኙ፤ በ2012 ተፈቀደ። በ2021 የተፈቀደው አሲሚኒብ ግን ሌላ ጎድጓዳ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከኤቲፒ ጋር ስለማይሻማ የቼንግና የፕሩሶፍ የሽሚያ ስሌት ለእርሱ አይሠራም፤ ብርታቱ በሌላ አካሄድ መለካት ነበረበት።