ያውቁ ኖሯል? የባሕር ዳሩ ካሴት

በባሕር ዳር የተገኘ አንድ አሮጌ ካሴት፣ ለዓመታት ከመድረክ ርቆ የነበረን ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ወደ ዓለም አደባባይ እንደመለሰው ያውቁ ኖሯል?

ካሴቱ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብቻውን የሠራው «ሸሞንሟናዬ» ነው። ኃይሉ በልጅነቱ የለመደውን አኮርዲዮን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ የቆዩ ዜማዎችን ተጫወተበት። ውጤቱ ከሰርግ ጭፈራ ይልቅ የሌሊት ሰመመን ይመስላል፤ ብቻዎን ሆነው ቢያደምጡት ይሻላል።

አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ካገኘ በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው በኩል እንደገና አወጣው። ኃይሉ ያኔ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱ ግን ከመኪናው አይለይም ነበር፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እስኪደርሰው ከዕቃ መጫኛው አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድበት ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አልበም ሲያወጣ ዕድሜው 70 አልፎ ነበር።