በፐርሲየስ መሃል ያለው ጥቁር ጉድጓድ

ከእኛ 240 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ ፐርሲየስ በሚባለው የጋላክሲዎች ክምችት መሃል፣ ኤንጂሲ 1275 የተሰኘ ግዙፍ ጋላክሲ አለ። ክምችቱን የሞላው ጋዝ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ነው፤ ብርሃኑም ያለ ኤክስሬይ ቴሌስኮፕ አይታይም። እንዲህ ያለ ጋዝ ባበራ ቁጥር ሙቀቱን ያጣል። የቀዘቀዘው ወደ መሃል ይወርዳል፣ በራሱ ክብደት ይጨመቃል፣ ኮከብም ይሆናል። በስሌት ከሄድን በፐርሲየስ መሃል በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀሐዮችን የሚያህል ጋዝ መቀዝቀዝ ነበረበት። የሚወለዱት ኮከቦች ግን ከዚያ በእጅጉ ያንሳሉ።

ጋዙ እንዳይቀዘቅዝ የሚያሞቀው በጋላክሲው እምብርት የተቀመጠው ጥቁር ጉድጓድ ነው። ስፋቱ ከፀሐይ ሥርዓታችን አይበልጥም፤ ጉልበቱ ግን በመቶ ሺዎች የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ይደርሳል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ያን ያህል ሰፊ ግዛት መግዛቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ወደ እሱ የሚወርደው ጋዝ በቀጥታ አይገባም፤ እየዞረ፣ እየተፋተገ፣ እየጋለ ይቀርባል። ከፊሉ ሳይዋጥ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ፣ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት፣ ተወርውሮ ይወጣል። የተወረወረው ጅረት በዙሪያው ያለውን ጋዝ እየገፋ ግዙፍ አረፋዎች ይነፋል።

አረፋዎቹ ሲነፉ ጋዙ ይናወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የካምብሪጁ አንድሩ ፌቢያንና ባልደረቦቹ ቻንድራ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ምስሎች መርምረው ሞገዶቹን አገኙ። እውነተኛ የድምፅ ሞገዶች ናቸው፤ አንዱ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። እንደ ተመራማሪዎቹ፣ ሞገዱ ሲከስም ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ጋዙ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ጉድጓዱ ብዙ ይበላል፤ ብዙ ሲበላ ይበረታል፤ ሲበረታ ምግቡን ራሱ አሙቆ ያርቃል። ከዚያ ይራባል፣ ይረጋጋል፣ ጋዙም እንደገና መቀዝቀዝ ይጀምራል።

ሆኖም ጥቁር ጉድጓድ የኮከብ ጠላት ብቻ አይደለም። 30 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው ሄኒዘ 2-10 በተባለ ድንክ ጋላክሲ ነገሩ ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት በሃብል ቴሌስኮፕ እንዳሳየው፣ ከጥቁር ጉድጓዱ የሚወጣ 230 የብርሃን ዓመት የሚረዝም የጋዝ ጅረት ኮከቦች እስከሚወለዱበት ደመና ይዘልቃል። ፍጥነቱ በሰዓት 1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፐርሲየሱ ጅረት አንጻር ግን ለዘብ ያለ ነው። ደመናውን አግሎ ከመበተን ይልቅ ይጠቀጥቀዋል፤ ከተጠቀጠቀውም ጋዝ ኮከቦች ይወለዳሉ።