ኢንተርኔቱ የሚቆረጠው የት ላይ ነው?

ዱከም ውስጥ ኮምፒውተርና ኔትወርክ እጠግናለሁ። ሰው ሱቄ መጥቶ «ዋይፋዩ መጣ ሄደ ይላል» ሲለኝ አስቀድሜ የምጠይቀው መቼ መቼ እንደሚሄድ ነው። ዝናብ ሲጥል ነው? ስልክ ሲጠራ? ማታ መብራት ሲዳከም? ወይስ ጓዳ ሲገቡ? ብዙውን ጊዜ የብልሽቱ ቦታ ከዚህ መልስ ይገኛል።

ከዚያ ሞደሙን አያለሁ፤ እሱም ከተገኘ ነው። በብዙ ቤት ቡፌ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተወትፎ፣ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። እንዲህ ሲታፈን ይግላል፣ ዋይፋዩም ይደክማል። አውጡትና ኢንተርኔቱ በሚቋረጥበት ሰዓት መብራቶቹን ተመልከቱ። ሁሉም ጠፍተው አንድ በአንድ ከበሩ ሞደሙ ኃይል አጥቶ እንደገና ተነስቷል ማለት ነው፤ ያኔ አዳፕተሩንና ዲቫይደሩን መርምሩ። «ዲኤስኤል» የሚለው ብቻ ብልጭ ድርግም ካለ ጣጣው የመዳብ መስመሩ ላይ ነው። ፋይበር ላስገባ ሰው ደግሞ ቀዩ «ሎስ» መብራት ከውጭ የሚመጣው ብርሃን እንዳልደረሰ ይነግረዋል። ቀጭኑ ገመድ በር ሥር ተጨፍልቆ ወይም ማዕዘን ላይ ታጥፎ እንደሆነ እዩ፤ ጫፉን ነቅላችሁ ግን በዓይናችሁ አትመልከቱ፣ ጨረሩ አይታይም እንጂ ዓይን ይጎዳል።

መብራቶቹ ሁሉ በቦታቸው ሆነው ስልካችሁ ብቻ እምቢ ካለ ነገሩ ዋይፋዩ ነው። ኮምፒውተር በኬብል አገናኝታችሁ ሞክሩ፤ በኬብል ካልተቆረጠ መስመሩ ጤነኛ ነው። ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚከራዩ ክፍሎች በተደረደሩበት ግቢ ይህ የተለመደ ነው፤ የጎረቤቶች ሞደም ሁሉ በአንድ ቻናል ላይ ይጋፋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ፣ ብዙ ሰው ያልያዘውን ከሞደሙ ማስተካከያ ገጽ መምረጥ ይረዳል።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን የመዳቡ መስመር ነው። አንዲት እናት ቤይሩት ያለች ልጃቸውን የሚያገኙት በቤታቸው ኢንተርኔት ነው። «ልጄ፣ ገና ሰላም ሳትለኝ ትቆረጥብኛለች» አሉኝ። ሞደሙ ተቀይሮላቸዋል፤ ለውጥ የለም። የሚቆረጠው ዝናብ ሲጥልና ከጣለ በኋላ እንደሆነ ሲነግሩኝ መሰላል አስመጣሁ። ቆርቆሮው ሥር ሽቦው በእጅ ተጠማዝዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ከላይ ፌስታል ታስሮበታል። ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ ፌስታሉ ውስጥም ውኃ ተቋጥሯል። ከምሰሶው እስከ ሶኬቱ መሀል ላይ ያልተቀጠለ አዲስ ሽቦ ተዘረጋና መቆራረጡ ቆመ። ሞደሙ ምንም አልነበረበትም።

እንዲህ ያለውን ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። ሞደሙን ነቅላችሁ መደበኛ ስልክ ብቻ ሰኩ፤ አንስታችሁ አንድ ቁጥር ተጫኑና አድምጡ። ዝም ማለት ሲገባው ከተንጫረረ የሆነ ቦታ መጥፎ ቅጥል አለ። ኢንተርኔቱ የሚጠፋው ስልክ ሲጠራ ከሆነ ደግሞ ድምፅንና ዳታን የሚለየው ትንሽ ሳጥን፣ ስፕሊተሩ፣ ተበላሽቷል ወይም ጭራሹን አልተገጠመም። በየክፍሉ የተቀጠለ ተጨማሪ ስልክ ካለም ያለ ማጣሪያ መሰካት የለበትም።

የእኛ አገር ኮትቻ መሬትም ድርሻ አለው። ጤፉን የሚያሳምረው ይኸው አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ የተቀበረ ኬብልም አብሮ ይጎተታል። ይህን ከቤት ሆኖ ማስተካከል አይቻልም። የጎረቤትም አብሮ ከጠፋ ቤታችሁን አታፍርሱ፣ ችግሩ ውጭ ነው።

መብራት በጠፋ ቁጥር ለሚቋረጥባችሁ፣ 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ባለባትሪ ዩፒኤስ ሞደሙን ለተወሰኑ ሰዓታት ያቆየዋል፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አመሳክሩ።

ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ስትደውሉ «ኢንተርኔት እምቢ አለ» ብቻ አትበሉ። «ዝናብ ሲጥል የዲኤስኤል መብራት ይጠፋል፣ ስልኩም ይንጫረራል፣ በኬብልም ሞክሬዋለሁ» በሉና የአቤቱታውን ቁጥር ጻፉ። ባለሙያው ሲመጣም ሞደሙን ከመንካቱ በፊት ቆርቆሮው ሥር ያለውን ቅጥል ፈቶ እንዲያይላችሁ ጠይቁት።