ሦስቱ የላቲን መጽሐፍ ቅዱሶች

የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስበው ቩልጋታን ብቻ ነው። ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም ግን ሌላ አለ። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ቬቱስ ላቲና፣ ማለትም አሮጌው ላቲን ነው። አንድ ተርጓሚ የለውም፤ ከሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰሜን አፍሪካና በአውሮፓ ስማቸው ያልታወቀ ክርስቲያኖች ከግሪክኛ እየመለሱ ያቆዩት ነው። ብሉይ ኪዳኑ የተቀዳው ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነው። የእኛም የግዕዝ ብሉይ ምንጩ እሱው ስለሆነ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው።

ሁለተኛው ቩልጋታ ነው። የአሮጌው ላቲን ቅጂዎች እርስ በርሳቸው ስላልተስማሙ የሮማው ጳጳስ ዳማሶስ በ382 ገደማ ጄሮምን ወንጌላቱን እንዲያርም አዘዘው። ጄሮም በዚያ አላበቃም፤ ቤተ ልሔም ተቀምጦ ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ተረጎመ። በዘመኑ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። አውግስጢኖስ በ403 እንደጻፈለት፣ የዛሬዋ ትሪፖሊ ባለችበት ከተማ አንድ ኤጲስ ቆጶስ የዮናስን መጽሐፍ በአዲሱ ትርጉም ቢያስነብብ ሕዝቡ ታወከ። ዮናስን ያስጠለለችው ቅል በጄሮም ትርጉም ሐረግ ሆናለች! ኤጲስ ቆጶሱ ያለ ምእመን እንዳይቀር ንባቡን ለማረም ተገደደ። ያን ሕዝብ አላዋቂ ለማለት አልቸኩልም፤ በጆሮው የኖረውን ቃል ነው የጠበቀው።

በመዝሙረ ዳዊት ደግሞ ጄሮም ራሱ ተረታ። ከዕብራይስጥ የተረጎመው ዳዊት ሳይለመድ ቀረ፤ በቩልጋታ የጸናው ቀደም ብሎ በግሪክኛው መሠረት ያረመው ነው። መዝሙር 22 ሲጀምር በተለመደው ዳዊት ግሡ «ሬጊት» ነው፤ ይገዛል፣ ይመራል እንደማለት። ከዕብራይስጡ በመለሰው ግን «ፓሺት» ይላል፤ እረኛ መንጋውን እንደሚያሰማራ።

የትሬንቶ ጉባኤ በ1546 ቩልጋታን አጸደቀ፤ በ1592 የታተመው እትምም ለዘመናት ይፋዊው ሆኖ ኖረ። በ1945 የወጣው አዲስ የላቲን ዳዊት ቋንቋው የጠራ ቢሆንም ለዜማ አይመችም ተብሎ ተነቀፈ።

ሦስተኛው ኖቫ ቩልጋታ ነው። ጳውሎስ ስድስተኛ በ1965 ሥራውን አስጀመሩ፣ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1979 አወጁት። የጄሮምን ላቲን ይዞ ከዕብራይስጡና ከግሪክኛው ጋር እያስተያየ ያርማል። «ፓሺት» ከ1500 ዓመታት በላይ ቆይቶ በይፋዊው መጽሐፍ ገባ። መጽሐፈ ጦቢት ላይ ግን አዲሱ ትርጉም ጄሮምን ትቶ ወደ ቬቱስ ላቲና ተመልሷል።

እንደ እኔ ኖቫ ቩልጋታ ትክክለኛነቱ ያስመሰግነዋል፤ የጥንት አባቶችን ለሚያነብ ግን ብቻውን አይበቃም። አውግስጢኖስ ያደገው በአሮጌው ላቲን ነውና። ግዕዝ የምታውቁ ተማሪዎች ላቲን ለመማር ዕድሉ ከገጠማችሁ፣ ቬቱስ ላቲናን ከግዕዙ ብሉይ ጎን አድርጋችሁ አንብቡት።