በተሽከርካሪ አደጋ ለደረሰ ጉዳት ካሳ ስለ መጠየቅ፦ ከማን፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ?

(በሕግ ፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነ የትምህርት መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



ከዚህ አዳራሽ ደጃፍ ጀምሮ ባለው ጎዳና በየዕለቱ ስለሚደርስ ነገር ነው የምናገረው። በመኪና ተገጭቶ አካሉ የጎደለ ሰው፣ ወይም ጧሪውን ያጣ ቤተሰብ፣ ካሳ የሚጠይቀው ከማን ነው? ስንት ይጠይቃል? እስከ መቼስ መጠየቅ ይችላል? በነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት ለዓመታት ሰዎችን ሳነጋግር የሰማሁት አንድ አነጋገር አለ፤ «ሾፌሩ በነፃ ተለቀቀ፤ እንግዲህ ምን እናደርጋለን?» ይባላል። ከዚሁ ልነሣ።

አንድ ግጭት በሕግ ፊት ሁለት ጉዳዮችን ይወልዳል። አንደኛው ዐቃቤ ሕግ በአሽከርካሪው ላይ የሚመሠርተው የወንጀል ክስ ነው፤ ዓላማው ቅጣት ነው። ሁለተኛው ተጎጂው ራሱ የሚያቀርበው የፍትሐ ብሔር ክስ ሲሆን የሚጠየቀው የደረሰው ጉዳት በገንዘብ እንዲተካ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2149 ካሳ የሚወስነው ዳኛ በወንጀል ችሎት በተሰጠ የነፃ መልቀቅ ውሳኔ እንደማይታሰር ይደነግጋል። ስለዚህ የሾፌሩ መለቀቅ የተጎጂውን በር አይዘጋም።

በር የማይዘጋበት ምክንያት ከዚህም ጠለቅ ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነትን በሁለት ዐበይት መሠረቶች ላይ አቁሞታል። የመጀመሪያው ጥፋት ነው፤ በቁጥር 2028 መሠረት በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ይክሳል። ሁለተኛው ግን ጥፋት ሳይኖር የሚመጣ ኃላፊነት ነው። ተሽከርካሪ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ።

የዚህ ድንጋጌ ጉልበት የሚታወቀው በችሎት የሚነሡትን መከላከያዎች ስንሰማ ነው። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው ቃል በአገራችን የትራፊክ መዝገብ ያህል ያረጀ ነው። «ሾፌሩ ሳላውቅ ለግል ጉዳዩ ይዞት ወጥቶ ነው» የሚለውም እንዲሁ። «መኪናዬ ምርመራ አልፏል፣ ሾፌሬም ልምድ ያለው ነው፣ እኔ ምን ጎደለኝ?» የሚሉም አሉ። ቁጥር 2086 ለእነዚህ ሁሉ መልስ ሰጥቷል፤ ባለቤቱ አላጠፋሁም ብሎ፣ የአደጋው ምክንያት አልታወቀም ብሎ፣ ወይም ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው ብሎ ከኃላፊነት ሊያመልጥ አይችልም። የቀሩለት መንገዶች ጥቂት ናቸው። መኪናው አደጋው በደረሰበት ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ይችላል፤ ማስረዳቱም የእርሱ ሸክም ነው። ወይም ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት የመጣ መሆኑን ያሳያል። በከፊል ከሆነ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል እንጂ አይቀርም። እግረኛው ከማቋረጫው ውጭ ተሻገረ መባሉ ብቻውን ጥያቄውን እንደማይገድለው ልብ በሉልኝ።

ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ በቁጥር 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምትና ጠቅላላውን ጉዳት ለሁለት ያካፍላል፤ አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ግን ግምቱ ይፈርሳል። የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሣው ፕላን ከባድ ሚዛን የሚያገኘው በዚህ ክርክር ነው።

«ባለቤት» የሚለው ቃል በተግባር ራስ ምታት ነው። መኪናው በመንደር ውል ሦስት ጊዜ ተሽጦ ሊብሬው ገና በመጀመሪያው ሰው ስም ያለበት ጉዳይ ብርቅ አይደለም። ክሱ ሲደርሰው የስም ባለቤቱ «ሸጫለሁ»፣ ገዥው «ስሙ አልዞረልኝም» ይላል። እኔ በእንዲህ ያለው ጉዳይ ሁለቱንም፣ ከአሽከርካሪው ጋር፣ በአንድ ክስ ማጣመርን እመርጣለሁ፤ እርስ በርሳቸው ይከራከሩ፣ ተጎጂው ግን በመካከላቸው አይመላለስ።

እስካሁን የተናገርኩት በዋናነት ስለ እግረኛና ስለ ሌላ መኪና ተሳፋሪ ነው። በተሳፈረበት አውቶቡስ ወይም ሚኒባስ ውስጥ የተጎዳ ሰው ነገሩ ይለያል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። እርሱ ከአጓጓዡ ጋር ውል አለው፤ ቲኬት መቁረጡ ወይም ለረዳቱ ሒሳብ መክፈሉ ውል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2037 የውል ጉዳይ በውል ሕግ እንዲታይ ስለሚያዝ፣ ተሳፋሪው በአጓጓዡ ላይ የሚያቀርበው ጥያቄ ወደ 1952ቱ የንግድ ሕግ ይሻገራል። የንግድ ሕጉ አንዳንድ መጻሕፍት በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ቢተኩም የማጓጓዣው ክፍል አሁንም በሥራ ላይ ነው፤ በቁጥር 597ም ለአንድ መንገደኛ የሚከፈለውን ካሳ በ40,000 ብር ወስኖታል። ይህ ገንዘብ ሕጉ በወጣበት ዘመን ብዙ ነበር። ዛሬ አንድ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ላይሸፍን ይችላል። ጣሪያው የሚነሣው አጓጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ማድረግ የሌለበትን ማድረጉ ወይም ማድረግ ያለበትን መተዉ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ በዚያው አደጋ ከመንገድ ዳር ቆሞ የተገጨው ሰው ሙሉ ካሳ ሲጠይቅ፣ ከውስጥ የነበረው ተሳፋሪ ከጣሪያው ጋር ይታገላል። ይህን ልዩነት የሚደግፍ በቂ ምክንያት ለእኔ አይታየኝም። ሁለት መኪናዎች የተጋጩ እንደሆነ ግን ተሳፋሪው ከሌላኛው መኪና ባለቤት ጋር ውል ስለሌለው በዚያኛው ላይ በቁጥር 2081 መቅረብ ይችላል፤ ጠበቆች ይህን መንገድ ሁልጊዜ ቢያዩት መልካም ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መርሑ በቁጥር 2091 ተቀምጧል፤ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሆናል። ያለፈውን ማስላት አያስቸግርም፤ የሕክምና ደረሰኝ፣ የመድኃኒት፣ የመመላለሻ፣ የአስታማሚ ወጪ፣ ተኝቶ በቆየበት ጊዜ የቀረበት ገቢ። ክርክሩ የሚበረታው በወደፊቱ ላይ ነው። ቁጥር 2092 መድረሱ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል። ለምሳሌ ዕድሜው 35 የሆነ፣ በወር 6,000 ብር የሚያገኝ የግንባታ ሠራተኛ እግሩ ተጎድቶ የሐኪሞች ቦርድ 40 በመቶ ቋሚ የአካል ጉዳት እንደደረሰበት አረጋገጠ እንበል። በወር የሚጎድልበት 2,400 ብር፣ በዓመት 28,800 ብር ነው። እስከ 60 ዓመቱ ይሠራ ነበር ብለን ብንወስድ 25 ዓመት ይቀረዋል፤ ድምሩ 720,000 ብር ይመጣል። ተከሳሹ የ25 ዓመቱን ገንዘብ ዛሬ በአንድ ጊዜ መቀበል ራሱ ጥቅም ስለሆነ ይቀነስ ይላል። ከሳሹ ደግሞ የቀን ሠራተኛ እግሩ 40 በመቶ ሲጎዳ ገቢው የሚጎድለው 40 በመቶ ብቻ አይደለም፣ ማንም አይቀጥረውም ይላል። ይህ የመጨረሻው ክርክር ይበልጥ ያሳምነኛል፤ የቦርዱ መቶኛ ስለ አካል እንጂ ስለ ሥራ ገበያ አይናገርምና። አንድ ጣት ለጸሐፊና ለሸማኔ እኩል አይደለም። ስለዚህ የክስ ማመልከቻ ስታዘጋጁ መቶኛውን ብቻ ገልብጣችሁ አትለፉ፤ ሰውየው ምን ይሠራ እንደነበርና አሁን ምን መሥራት እንደማይችል በምስክር አስረዱ።

የደመወዝ ማስረጃ የሌላት የጉልት ነጋዴስ? ሊስትሮውስ? ተከሳሾች «ገቢዋን አላስረዳችም» ብለው ክሱ ውድቅ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ቁጥር 2102 የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስረዳት በማይቻልበት ጊዜ ዳኞች የነገሮችን የተለመደ አካሄድ ተመልክተው በርትዕ እንዲወስኑ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ጉዳቱ መኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ ልኩ አለመታወቁ ግን ባዶ እጅ ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም። አጠገቧ የምትነግድ ሴት የምትሰጠው ቃል ጥሩ ማስረጃ ነው።

ተጎጂው የሞተ እንደሆነ ቁጥር 2095 የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ተወላጆቹ በራሳቸው ስም ካሳ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል፤ ካሳውም የመተዳደሪያ ተቆራጭ መልክ ይኖረዋል። ወንድምና እኅት በዝርዝሩ የሉም። ታላቅ ወንድም ታናናሾቹን በሚያሳድግበት አገር ይህ ጎልቶ የሚታይ ክፍተት ነው።

ስለ ሕሊና ጉዳት ካሳ ብዙ አልናገርም፤ የሚያናግር ገንዘብ የለበትምና። ለአካል ጉዳትና ለሞት ሊሰጥ እንደሚችል ቁጥር 2113 ቢፈቅድም፣ ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ልጇን ለቀበረች እናት ከፍተኛው መጠን ይህ ነው። ሕግ አውጪው ይህን ቁጥር ሊያነሣው ይገባል፤ ዳኛ በርትዕ ሊያልፈው አይችልም።

አሁን ስለ መድን። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን፣ በኋላ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቶበታል። ይህ አዋጅ ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ሽፋን አስቀምጦ ነበር፤ መጠኑ በደንብ የሚሻሻል ስለሆነ ክስ የሚያዘጋጅ ሰው አደጋው በደረሰበት ቀን የጸናውን ደንብ ማየት አለበት። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ ጣሪያ የመድን ሰጪው ግዴታ ጣሪያ እንጂ የተጎጂው መብት ጣሪያ አይደለም። መድን ሰጪው ከከፈለ በኋላ የቀረውን ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል። «ኢንሹራንስ ከፍሏል፣ ጉዳዩ አልቋል» የሚባለው ስሕተት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ወስጄ መናገር የምፈልገው ስለ ሁለት ወጥመዶች ነው። አንደኛው ይርጋ ነው። በቁጥር 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ረዘም ያለ የወንጀል ይርጋ ያለው እንደሆነ ያ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን ተከሳሹ ወንጀሉን ያልፈጸመው ባለቤት ሲሆን ይህ ሐሳብ ክርክር ያስነሣል። ስለዚህ ማንም ተጎጂ የወንጀሉ ፍርድ እስኪያልቅ ብሎ አይቀመጥ። ቤተሰቡ የወንጀል ቀጠሮ ሲመላለስ ዓመት ከመንፈቅ ያልፋል፣ ሕክምናው ይቀጥላል፣ ከዚያ የይርጋ መቃወሚያ ይጠብቃቸዋል። ለዳኝነት የሚከፍሉት ከሌላቸው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ መክሰስን ፈቅዷል። ክሱን አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ፊርማ ነው። በሐዘን ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ሾፌሩ በእስር ላይ ነው፣ ልጆች አሉት፣ ይቅር በሉት ይላሉ። ይቅር ማለት የሚከበር ባህላችን ነው፤ እርቁም በወንጀሉ ችሎት ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ በፍትሐ ብሔርም አንጠይቅም» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲጨመር ነው። የግልግል ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ያህል ይጸናል። ለቀብር የተሰጠ ጥቂት ሺህ ብር የልጆቹን የዓመታት ቀለብ ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው። ይቅርታው ይጻፍ፤ የተቀበላችሁት ገንዘብ ስንትና ለምን እንደሆነ ይጻፍ፤ የካሳ መብት ግን በዚያ ወረቀት ላይ አይነሣ። ሽማግሌዎቻችን ይህን ቢነገራቸው አብዛኞቹ ይስማማሉ፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ከተሳታፊዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን እነሆ።

ጥያቄ፦ መኪናው ገጭቶ ቢያመልጥስ? ታርጋውን ያየ ሰው የለም።

መልስ፦ አመሰግናለሁ፤ ሳልነካው ያለፍኩት ነው። ለእንዲህ ያለው ተጎጂ በመድን አዋጁ የተቋቋመ ፈንድ አለ። ተሽከርካሪው ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው ሲሆን ለሞትና ለአካል ጉዳት እስከ ሽፋኑ ጣሪያ ይከፍላል፤ ለንብረት አይከፍልም። የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብትም አለ፤ የጤና ተቋሙ አስቀድሞ ማን ይከፍላል ብሎ መመለስ የለበትም። ለፈንዱ ለማመልከት አደጋው በተሽከርካሪ መድረሱን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋልና ጉዳዩ በዚያው ዕለት ለትራፊክ ፖሊስ ይመዝገብ። የመኪናውን ቀለም ወይም የታርጋውን ሁለት ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ቢኖር እንኳ ቃሉን ይስጥ፤ ባለቤቱ በኋላ ቢገኝ ከፈንዱ በላይ ያለውን ከእርሱ ለመጠየቅ የምትነሡት ከዚያ ቃል ነው። ሁለቱ ዓመታት ግን የሚቆጠሩት ባለቤቱ ከተገኘበት ቀን ሳይሆን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው።