የአንድ ቤተ ሰብ የወር ቀለብ ፤ ወጪን ስለ ማሳነስና ጤናን ስለ መጠበቅ

አንድ ቤተ ሰብ ኑሮ ሲከብደው መጀመሪያ እጁን የሚሰበስበው ከቀለብ ላይ ነው። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን አይሰጡም፤ መሶብ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ወሩ ሊያልቅ ሲል አስቀድሞ ጎመኑ፥ ከዚያም ምስሩ፥ ቀጥሎም የልጆቹ ዕንቍላል ይቀርና እንጀራው በበርበሬ ብቻ ይበላል። በዚህ ሆድ ይሞላል፤ አካል ግን አይጠገንም። በ2019 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) በሀገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የምግቡ ዐይነት አንድ ብቻ መሆኑ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ከቀለብ ወጪ የትኛው ቢቀነስ እንደማይጎዳ፥ የትኛውስ ቢቀነስ እንደሚጎዳ ለይቶ ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ሁለት ጐልማሶችና ሦስት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ያሉበትን የአዲስ አበባ ቤት ነው።

1. እህልና ጥራጥሬ

እንጀራ ከሽሮና ከምስር ጋራ የሚበላው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ነገሮች ነው። ከነዚህም አንዱ፥ ላይሲን የሚባለው፥ በእህል ውስጥ ጥቂት ሲሆን በጥራጥሬ ውስጥ ብዙ ነው። ሜቲዮኒን የሚባለው ደግሞ በጥራጥሬ ሲያንስ በጤፍ ይገኛል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ገበታ ሲቀርቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 300 ግራም የጤፍ ዱቄትና 60 ግራም ሽሮ ወይም ክክ ቢመደብ፥ ለአምስቱ በወር 45 ኪሎ ጤፍና 9 ኪሎ ጥራጥሬ ያስፈልጋል። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ 10 ግራም ያህል፥ በ100 ግራም ጥራጥሬ ውስጥ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ ብንል፥ ቤቱ በቀን 210 ግራም ያገኛል። ለአንድ ጤነኛ ጐልማሳ በኪሎ ክብደቱ 0.83 ግራም ይበቃዋል ስለሚባል፥ 60 ኪሎ የሚመዝነው 50 ግራም ያህል ይፈልጋል። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ደግሞ 30 ግራም ብናስብለት አናሳንስበትም። ድምሩ 190 ግራም ይሆናል። ከዕፀዋት የሚገኘው ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ ስለማይፈጭ የቀረው 20 ግራም ለዚሁ ይታሰባል።

ከዚህ የምንረዳው፥ የሥጋው መጠን ቢያንስ ቤቱ ፕሮቲን እንደማያጣ ነው። ሆኖም ቢ12 የተባለው ቪታሚን ከእንስሳት ከሚገኝ ምግብ በቀር በዕፀዋት ውስጥ ስለሌለ፥ ጥቂት ወተት ወይም ዕንቍላል፥ በተለይ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር፥ ጨርሶ መቅረት የለበትም።

2. ስለ ግዢ

ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ስለዚህ በጥርና በየካቲት ዋጋው ብዙውን ጊዜ ረገብ ይላል፤ በክረምት ደግሞ ይወጣል። ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ በደረቅ ቦታ ረዥም ጊዜ ይቈያል። ሽምብራና ባቄላ ግን ቶሎ ይነቀዛሉ። እንግዲህ በብዛት መግዛት የሚያዋጣው ጤፉን ነው፤ ጥራጥሬውን ግን በየጊዜው በመጠኑ መግዛት፥ ሽሮውንም ጥቂት በጥቂት ማስፈጨት ይሻላል። ነጩ ማኛ ከሰርገኛና ከቀይ ጤፍ ይበልጥ የሚወደደው በመልኩ ነው እንጂ ለአካል የበለጠ ስለሚሰጥ አይደለም።

የደመወዝተኛ ችግር ግን የአንድ ኩንታል ዋጋ በአንድ ጊዜ ከእጁ አለመገኘቱ ነው። ለዚህም መድኀኒቱ ከእኛው ልማድ ውስጥ አለ። ለበዓል ጐረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዙና ቅርጫ ይካፈላሉ። ለሥጋ የሚሆነው ሥርዐት ለጤፍ የማይሆንበት ምክንያት የለም። አራት ወይም አምስት ቤቶች ዕቁብ ጥለው በጥር ወር ከእህል በረንዳ በኩንታል ቢገዙ፥ በየሳምንቱ በኪሎ ከሚገዛው ይልቅ ያተርፋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሠራል።

3. ርካሽ ሆኖ የሚጎዳ

ዋጋው ያነሰ ሁሉ መልካም አይደለም። ጓያ ድርቅ የሚችልና ርካሽ ጥራጥሬ ሲሆን፥ በሽሮ ውስጥ ተደባልቆም ይገኛል። ነገር ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለው። አንድ ሰው ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግቡ ጓያ ከሆነ እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ ይህም ጉዳት አይድንም። ስለዚህ ሽሮን የተፈጨ ከመግዛት ፍሬውን አይቶና ለቅሞ ማስፈጨት ከወጪም ከጉዳትም ያድናል። እንደዚሁም ረጥቦ የሻገተ በቈሎ፥ ለውዝ ወይም በርበሬ፥ ሻጋታው ቢራገፍ እንኳ መርዙ ስለማይለቅ፥ መጣል አለበት።

4. ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ

ጎመን በብልቃጥ ከሚሸጥ ቪታሚን ሁሉ የረከሰ ነው። በውስጡ ያለው ነገር በሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ ይለወጣል፤ የዚህ ቪታሚን ማነስ ዳፍንትን ያመጣል። ነገር ግን ያለ ጥቂት ዘይት በሚገባ ወደ ደም አይገባም። ሳይበዛ መቀቀልና ውሃውን አለመድፋትም ያስፈልጋል።

ጤፍና ጥራጥሬ ብረት አላቸው፤ ሰውነታችን ግን ከዚህ የሚወስደው ጥቂቱን ነው። የሊጡ መቡካት ብረቱን የሚይዘውን ፊታት የተባለ ነገር ይቀንሳል። በገበታው ላይ ቃሪያ፥ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢጨመር የሚወሰደው ብረት ይበዛል። ቡናና ሻይ ግን በምግብ ላይ ወይም ወዲያው ተከትለው ሲጠጡ በእጅጉ ይቀንሱታል። ቡናን መተው አያስፈልግም፤ በሁለት ገበታ መካከል መጠጣት ይበቃል። ይህ ለውጥ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ጨው አዮዲን ያለው መሆን አለበት፤ የአዮዲን ማነስ እንቅርትን ያመጣልና። ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር አዮዲኑ እንዳይባክን ያደርጋል። ጥራጥሬን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደርም የሚበስልበትን ጊዜ ስለሚያሳጥር፥ ከቀለብ ጋራ የማይቈጠረውን የከሰል ወጪ ይቀንሳል።

5. ስለ ሕፃናት

በ1962 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) በስዊድን ርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል ፋፋ የተባለውን ዱቄት ያዘጋጀው እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ጋራ በማዋሐድ ነው። ይህንኑ ዐሳብ በቤት መሥራት ይቻላል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን፥ ከእናቱ ጡት ጋራ፥ ሦስት እጅ ገብስ ወይም አጃና አንድ እጅ ሽምብራ ተቈልቶና ተፈጭቶ ጥሩ የምጥን ገንፎ ይሆናል። ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት ገንፎው ስለሚላላ፥ ሕፃኑ በትንሽ ሆዱ ብዙ ምግብ ይወስዳል።

6. መደምደሚያ

እንግዲህ ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነሰው በተራ ነው። በመጀመሪያ ለስላሳ መጠጥ፥ ቀጥሎ የሥጋና የቅቤ መጠን፥ ከዚያም የጤፍ መልክ ይቀነስ። ጥራጥሬው፥ ጎመኑ፥ አዮዲን ያለው ጨውና የልጆቹ ዕንቍላል ግን የመጨረሻዎቹ ይሁኑ። በብዙ ቤቶች የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለበዓል ሥጋ ይበደሩና በማግሥቱ ከልጁ ሳህን ጎመኑ ይጐድላል። እናትም ከሁሉ በኋላ የተረፈውን ትበላለች፤ እርስዋ ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜ ግን ጉድለቱ የሚደርሰው ለሁለት ነው። ወጪን ማሳነስ ማለት ከሁሉም እኩል መቍረጥ አይደለም፤ የትኛው ለዐይን፥ የትኛው ለአካል እንደሚገዛ ማወቅ ነው።